ሰው አውቃለሁ ማለት

(ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎትየው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ እሷ በሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዋን በመማር ላይ ናት። የአጎትየው የመጨረሻ ልጅ ሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ገብቷል፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር የስብዕና ሥነ ልቦና ኮርስ ይወስዳል።)

አጎት፦ ልጁ የኮርሱን አውትላይን እቤት ረስቶት ሄዶ ነበርና ተቀምጬ አነበብኩት። ፍሮይድ፣ ዩንግ፣ አድለር፣ ሆርናይ፣ ኤሪክሰን፤ ከዚያ ስኪነርና ባንዱራ፤ ከዚያ ሮጀርስና ማስሎ፤ መጨረሻ ላይ ኦልፖርት፣ ካቴል፣ አይዘንክ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህን ሁሉ ስም ተምሮ ሲጨርስ ሰው ማወቅ ይችላል?

ተማሪዋ፦ አይችልም ጋሼ። ቢሆንም ኮርሱ እንዳያመልጠው ነው የምለው።

አጎት፦ ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ?

ተማሪዋ፦ ሰው ማወቂያ አቋራጭ አገኘሁ ብሎ ከገባ ቶሎ ይሰለቻል፤ ይባስ ብሎም ያወቀ ይመስለዋል። እኔ ኮርሱን የምወደው ስለ ሰው ጠባይ ዘወትር ከምንናገረው ውስጥ የትኛው ተፈትኖ እንደቆመ፣ የትኛው ተፈትኖ እንደወደቀ፣ የትኛው ጨርሶ ፈተና ፊት እንዳልቀረበ መለየት ስለሚያስለምድ ነው። ይህ የሚሆነው ግን በደንብ ከተሰጠ ነው። ይህን አውትላይን ሳየው እሰጋለሁ።

አጎት፦ እኔም የከበደኝ እሱ ነው። ባዮሎጂን ከአሪስቶትል ጀምሬ፣ በሊኒየስና በላማርክ አድርጌ ዳርዊን ላይ ስደርስ ሴሚስተሩ ቢያልቅ ኖሮ ተማሪዎቼ ስለ ሴል ሳይሰሙ ይቀሩ ነበር።

ተማሪዋ፦ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ልክ እንደዚያ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሊቅ፣ የሊቁ የሕይወት ታሪክ፣ የሊቁ ቃላት፤ ሚድ ላይ ደግሞ «ይህን ያለው ማን ነው?» የሚል የምርጫ ጥያቄ። ተማሪው ኢድ፣ ኢጎ፣ ሱፐር ኢጎ እያለ ሸምድዶ ይወጣል። ፍሮይድ መነበብ የለበትም አልልም፤ ያለ እሱ የመጣውን ክርክር መረዳት አይቻልም። ነገር ግን ሊቃውንቱ የተከራከሩበት ጉዳይና በክርክሩ የተገኘው ማስረጃ ሳይነካ ሴሚስተሩ ያልቃል። ይህ ያበሳጨኛል።

አጎት፦ አንቺ ብታስተምሪው ከየት ትጀምሪ ነበር?

ተማሪዋ፦ እዚህ ላይ መጨረሻ ከተጻፈው ከኦልፖርት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልዎት። ጎርደን ኦልፖርት በ1924 ሃርቫርድ ላይ ስለ ስብዕና ማስተማር ጀመረ፤ በአሜሪካ በዚህ ርዕስ የተሰጠ የመጀመሪያ ኮርስ ተብሎ ይጠቀሳል። በ1937 ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ መስኩን ራሱን ያስቻለ ነው። ሰውዬው እንቅልፍ የነሳው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሳይንስ ስለ አማካይ ሰው ይናገራል፤ አማካይ ሰው የሚባል ግን በሕይወት የለም። ስለ አንዲት ሴት፣ ስለ አንድ ልጅ ሳይንስ ምን ማለት ይችላል?

አጎት፦ ታዲያ ምን አለ?

ተማሪዋ፦ ተማሪዎቹን የአንዲት እናት ደብዳቤዎች ያስነብባቸው ነበር። 301 ደብዳቤዎች ናቸው። ጄኒ የሚል ስም አወጣላት፤ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ኋላ ግን ከልጇ ጋር ክፉኛ የተቃቃረች ሴት ናት። ደብዳቤዎቹን ከ1926 እስከ 1937 የጻፈቻቸው የልጇ የኮሌጅ ጓደኛ ለነበረ ወጣትና ለሚስቱ ነው። ኦልፖርት በ1965 በመጽሐፍ አወጣቸው። የፍሮይድ ተከታይ ያነባቸውና የሴትዮዋን ቅናት ከልጅነቷ ያመጣዋል። የልማድና የመማር ንድፈ ሐሳብ የሚከተለው ደግሞ ሰዎችን መጠርጠር መቼና እንዴት እንደተማረች ይጠይቃል። ኦልፖርት ራሱ ሴትዮዋን የሚገልጹ ጥቂት ዋና ዋና ባሕርያትን ከደብዳቤዎቹ ይለቅማል። ሦስቱ አስተሳሰቦች በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ሲጋጩ ነው ተማሪ የሚነቃው። በየሳምንቱ ተራ በተራ ሲያልፉ ግን ማንም ከማንም ጋር አይገናኝም።

አጎት፦ ጥሩ ነው። ግን ደብዳቤ ማንበብ የሥነ ጽሑፍ መምህሩም ሥራ ነው። ልኬቱ የታለ?

ተማሪዋ፦ ልኬቱንም ያስጀመረው ያው ሰው ነው። በ1936 ኦድበርት ከሚባል ተመራማሪ ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ ሰውን ከሰው የሚለዩ ቃላትን ለቀመ። 17,953 ሆኑ። ከእነዚህ ውስጥ ውሎ የሚያድር ባሕርይ የሚያመለክቱት 4,500 ገደማ ናቸው። ካቴል እያጠጋጋ 16 አደረሳቸው፤ በ1961 ለአሜሪካ አየር ኃይል የሚሠሩ ቱፕስና ክሪስታል የሚባሉ ተመራማሪዎች የተለያዩ ሰዎች መረጃ ላይ ደጋግመው ቢያሰሉት አምስት ላይ ቆመ። ተግባቢነት፣ ለሰው መራራት፣ ትጋትና ጥንቃቄ፣ የስሜት መረጋጋት ወይም መናወጥ፣ ለአዲስ ሐሳብ ክፍት መሆን።

አጎት፦ አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ይዤ አውቃለሁ። ስልሳውን በአምስት ቃል?

ተማሪዋ፦ አምስቱ ሳጥኖች አይደሉም ጋሼ። እያንዳንዱ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ የሚሄድ መለኪያ ነው፤ አብዛኛው ሰው ወደ መሃሉ ነው የሚገኘው። አንዱ ልጅ በትጋት ከፍ፣ በተግባቢነት ዝቅ፣ በመረጋጋት መሃል ላይ ሊሆን ይችላል። አምስቱ ሲቀላቀሉ ስልሳ ብቻ ሳይሆን ስድስት ሺህ ዓይነት ልጅ ይወጣቸዋል።

አጎት፦ እሺ ይሁን። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስገርመኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ሌሎቹን ሲያዝና ሲጮህ አያለሁ። የእኔን ፈተና የማይኮርጅ ልጅ የሌላውን መምህር ፈተና ይኮርጃል። ይህን ልጅ ታማኝ ልበለው ወይስ አጭበርባሪ? መለኪያሽ ላይ የት ታስቀምጪዋለሽ?

ተማሪዋ፦ የኮርሱ እምብርት ላይ ደረሱ። ሃርትሾርንና ሜይ የሚባሉ ሰዎች በ1928 ያሳተሙት ጥናት የእርስዎን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ለብዙ ሺህ የአሜሪካ ሕፃናት የማጭበርበር ዕድል አመቻቹላቸው፤ የራሳቸውን ፈተና እንዲያርሙ፣ እቤት ወስደው ብቻቸውን እንዲሠሩ፣ ሳንቲም ያለበት ጨዋታ እንዲጫወቱ። ያገኙት እርስዎ ያዩትን ነው። ፈተና ላይ የሚያጭበረብረው ሳንቲም ላይነካ ይችላል፤ ሳንቲም የሚያነሳውም ፈተና ላይ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በአንዱ ቦታ ከታየው ተነሥቶ ሌላውን መተንበይ አስቸጋሪ ሆነ።

ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1968፣ ዋልተር ሚሸል እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስቦ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ያለው በአጭሩ ይህ ነው፦ የጠባይ መጠይቅ ውጤትና ሰውዬው በአንድ በተወሰነ ሁኔታ የሚያደርገው ነገር ያላቸው ኮሪሌሽን፣ ማለት ዝምድና፣ ከ0.30 እምብዛም አያልፍም። ባሕርይ የምንለው ነገር ከተመልካቹ ዓይን ውጭ አለ ወይ ብሎ መስኩን በሙሉ አናወጠው። ወደ ሃያ ዓመት ተከራከሩበት።

አጎት፦ 0.30 ትንሽ ነው። ግን ዜሮ አይደለም።

ተማሪዋ፦ አይደለም። በአንዱ ስሌት፣ እንዲሁ በዕድል ብንገምት ከመቶው 50 ጊዜ የምናገኘውን ወደ 65 ያደርሰዋል። ለሕክምና መድኃኒት ቢሆን ብዙ ነው፤ በአንድ ልጅ ላይ ለመፍረድ ግን ያስፈራል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ተማሪው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ መቻል አለበት።

አጎት፦ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንድ ጥያቄ ጠይቄ ማርክ አልሰጥም። ፈተናውን፣ የቤት ሥራውን፣ ላብራቶሪውን፣ በክፍል ውስጥ የሚጠይቀውን ደምሬ ነው ይህ ልጅ ባዮሎጂ ያውቃል የምለው። አንድ ቀን ራሱን አሞት ይሆናል። ሰዎችሽ አንድ ቀን ያዩትን ከሌላ አንድ ቀን ጋር ካስተያዩ 0.30 ቢወጣ ምን ይገርማል?

ተማሪዋ፦ ኤፕስታይን የሚባል ተመራማሪ በ1979 ለሚሸል የሰጠው መልስ ይኸው ነው! ሰዎች በየቀኑ የሚያደርጉትንና የሚሰማቸውን እንዲመዘግቡ አደረገ። አንዱን ቀን ከአንዱ ቀን ጋር ሲያስተያየው ዝምድናው ትንሽ ሆነ። የብዙ ቀናትን አማካይ ከሌሎች ብዙ ቀናት አማካይ ጋር ሲያስተያየው ግን በጣም ከፍ አለ። ስለዚህ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አናውቅም፤ በዓመቱ ውስጥ አዘውትሮ ምን እንደሚያደርግ ግን በመጠኑ ማወቅ እንችላለን።

አጎት፦ የዚያ ኳስ ሜዳ ላይ የሚጮኸው ልጅ ነገር ግን በአማካይ አይፈታም። ዝምታውና ጩኸቱ ሲደመሩ መካከለኛ ልጅ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ መካከለኛ አልነበረም።

ተማሪዋ፦ በጣም ትክክል ብለዋል፤ ሚሸል ራሱም እዚያ ላይ ነው በኋላ የሠራው። ከሾዳና ከራይት ጋር በ1994 ያሳተሙት ጥናት በአንድ የልጆች የክረምት ካምፕ ውስጥ የተካሄደ ነው። ጠባያቸው ያስቸገረ ልጆች ናቸው የሚመጡት። ተመልካቾች ልጆቹን ሳምንት ከሳምንት እየተከታተሉ መዘገቡ፤ ጓደኛው ሲያሾፍበት ምን ያደርጋል? ጓደኛው በመልካም ሲቀርበው? አዋቂ ሲያመሰግነው? ሲያስጠነቅቀው? ሲቀጣው? በአማካይ ሲታዩ እኩል ቁጡ የሚመስሉ ሁለት ልጆች ተገኙ እንበል። አንዱ የሚነድደው እኩያው ሲያሾፍበት ነው፤ አዋቂ ሲገሥጸው ጸጥ ይላል። ሌላው የእኩዮቹን ነገር ይችላል፤ አዋቂ ሲያስጠነቅቀው ግን ይፈነዳል። ይህ አካሄድ የልጁ ሆኖ ይቆያል። «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ያደርጋል» የሚለው ነገር ራሱ ስብዕናው ነው ማለት ነው።

አጎት፦ ይህን ነው መምህር ማወቅ ያለበት። ሁለቱም ልጆች መዝገባቸው ላይ «ረባሽ» ተብለው ነው የሚጻፉት፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ሁለተኛውን ልጅ ባስጠነቀቅሽው ቁጥር እሳት እያቀጣጠልሽ ነው።

ተማሪዋ፦ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሌላውን ሁሉ ቢተዉ ይህን አንድ ጥናት ቢያስተምሩ እመኛለሁ።

አጎት፦ ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የመምህር ዓይን ዋጋ የለውም ልትይ ነው? ልጅን ዓመት ሙሉ ያየ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

ተማሪዋ፦ አለ እንጂ፣ ማስረጃም አለው። ተርማን የተባለው የስታንፎርድ ፕሮፌሰር በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1,500 በላይ ጎበዝ ልጆችን መከታተል ጀመረ። በ1922 ወላጆቻቸውና መምህሮቻቸው ስለ ጠባያቸው ነጥብ ሰጡ። ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ ልጆቹ አረጁ፣ ግማሾቹ ሞቱ። ፍሪድማንና ባልደረቦቹ በ1993 የሞት ምስክር ወረቀቱን ከዚያ ከድሮው ነጥብ ጋር ሲያገናኙት፣ በልጅነታቸው ጠንቃቃና ኃላፊነት የሚሰማቸው የተባሉት ከሌሎቹ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረው ተገኙ። ከሰባ ዓመት በፊት መምህርና ወላጅ የሞሉት ወረቀት ነው ይህን የተናገረው። ልብ ይበሉ፣ ወረቀቱ ስለ ብዙዎቹ ነው የተናገረው፤ የትኛው ልጅ መቼ እንደሚሞት አላወቀም።

አጎት፦ ያ ወረቀት ልጁን የሚያውቅ ሰው ተጠይቆ ነው የተሞላው። ዛሬ መሥሪያ ቤቶች የሚያስሞሉት፣ ልጆቹም ስልካቸው ላይ የሚሞሉት ግን ሌላ ነው። የታላቁ ልጄ መሥሪያ ቤት አንድ ሥልጠና ላይ አራት ፊደል ሰጥቶት መጣ፤ «ልክ እኔን ነው የሚለው» እያለ ያነብልኛል።

ተማሪዋ፦ ልክ እሱን መምሰሉ ምንም አያረጋግጥም። ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የጠባይ መጠይቅ አስሞላቸውና ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዱ የግል ውጤቱን ሰጠው። ምን ያህል ይገልጽሃል ሲላቸው ከአምስት በአማካይ 4.26 ሰጡት። ከዚያ ወረቀቶቹ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አብዛኛውን ዓረፍተ ነገር የወሰደው መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

አጎት፦ እናቴ ነፍሷን ይማርና ዐውደ ነገሥት የሚያውቁ አባት ዘንድ ወስዳኝ ነበር። ስሜንና የእናቴን ስም ፊደል ቆጥረው ኮከቤን አወጡ። ከውጭ ደስተኛ፣ በልቡ ግን የሚያዝን፤ ለሰው የሚራራ፣ ሲከፋው ግን የማይመለስ። ዕድሜ ልኬን እውነት ነው ስል ኖሬያለሁ።

ተማሪዋ፦ ለእኔም እውነት ነው፣ ጋሼ። ለልጅዎም እውነት ነው። ፎረር ያሳየው ይህንን ነው። ያ አራት ፊደል የሚሰጠው ፈተና ደግሞ ሥሩ የዩንግ የ1921 መጽሐፍ ሲሆን፣ ያዘጋጁት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው። ትልቁ ችግሩ መሃል ላይ የሚገኘውን ብዙ ሰው በግድ ለሁለት መክፈሉ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድጋሚ የተፈተነ ሰው ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለጨዋታ ይሁን። ሰው ለመቅጠርና ለማሰናበት ሲውል ግን ግፍ ነው እላለሁ።

አጎት፦ ወደ እኔ ትምህርት እንምጣ። ስለ ዘር ውርስ አውትላይኑ ላይ አንዲት መስመር ብቻ አየሁ።

ተማሪዋ፦ መስመሯ አጭር ናት፤ ነገሩ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ቡሻርድ የሚባል ተመራማሪ ከ1979 ጀምሮ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተለያይተው ያደጉ መንትዮችን እየፈለገ አጠና። ሌሎችም በአንድ ቤት ያደጉ መንትዮችን፣ በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን አጠኑ። ውጤታቸው በአብዛኛው ወደ አንድ አካባቢ ነው የሚደርሰው፦ ሰዎች በጠባያቸው ከሚለያዩበት ልዩነት ከመቶ 40 እስከ 50 የሚሆነው ከዘረመል ልዩነት ጋር የተያያዘ ነው። ያስደነገጠው ሌላው ውጤት ነው። በአንድ ቤት ማደግ ወንድማማቾችን በጠባይ እንዲመሳሰሉ የሚያደርገው በጣም በጥቂቱ ነው።

አጎት፦ ቆይ። ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። እናታቸውና እኔ ከአፋችን ነጥቀን፣ ሌሊት ተነሥተን፣ ስንመክር ስንገሥጽ የኖርነው ለከንቱ ነው ልትዪኝ ነው?

ተማሪዋ፦ አይደለም። ይህን ለመመለስ የእርስዎ ባዮሎጂ ይሻላል። ያ ከመቶ 40 ወይም 50 የምን ቁጥር ነው?

አጎት፦ የልዩነት ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ ጊዜ፣ በዚያ ኑሮ የሚታይ ልዩነት። ከእኔ ጠባይ ግማሹ ከአባቴ፣ ግማሹ ከአስተዳደጌ ማለት አይደለም። ከአንድ ከረጢት የተደባለቀ የጤፍ ዘር ወስጄ ግማሹን በደለበ መሬት፣ ግማሹን በተራቆተ መሬት ልዝራው። በእያንዳንዱ ማሳ ውስጥ በቡቃያና በቡቃያ መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት በሙሉ ከዘሩ ሊሆን ይችላል። በማሳና በማሳ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአፈሩ ነው።

ተማሪዋ፦ ሌዎንቲን የተባለው የዘረመል ተመራማሪ በ1970 የተከራከረው በዚሁ ምሳሌ ዓይነት ነው። እነዚያ የመንትዮች ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በአሜሪካና በአውሮፓ፣ በልተው በሚያድሩ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በሚውሉ ቤቶች ነው። ጦርነት ያፈናቀለው ልጅና ቤቱ ያደገ ልጅ የሚነጻጸሩበት ጥናት አይደለም።

አጎት፦ ገባኝ። የእኔ ሦስቱ ግን በአንድ ማሳ ነው የበቀሉት፤ ሦስቱም ሌላ ሌላ ናቸው።

ተማሪዋ፦ ቤቱ እንዲመሳሰሉ አላደረጋቸውም ማለት ቤቱ ምንም አላደረገም ማለት አይደለም። ያው ቁጣዎ አንዱን አጽንቶት፣ ሌላውን አሸማቅቆት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስሌቱ ውስጥ እንደ ጋራ ተጽዕኖ አይቆጠርም። ደግሞም መጠይቁ የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሃይማኖታቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ መድረሳቸውን፣ ሲቸግራቸው ወደ ማን እንደሚደውሉ አይጠይቅም። ወላጅ የሚሰጠው አብዛኛው ነገር ከአምስቱ መለኪያዎች ውጭ ነው። ልጅዎ ይህን ክፍል ሲማር በቁጥሩ ብቻ እንዳይወጣ እፈራለሁ።

አጎት፦ እኔ አለሁ። ቁጥሩን ይዞ ሲመጣ ጤፉን እነግረዋለሁ። ደግሞ አንድ ሌላ፣ ሰው ሲያድግ ይለወጣል?

ተማሪዋ፦ ዊልያም ጀምስ በ1890 ጠባይ በ30 ዓመት ይደርቃል ብሎ ነበር፤ ብዙ ሰው አመነው። ሮበርትስና ባልደረቦቹ በ2006 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 92 የጥናት ቡድኖችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ግን ለውጡ ከ30 በኋላም ይቀጥላል። ሰው እየበሰለ ሲሄድ በአማካይ ይበልጥ ጠንቃቃና የተረጋጋ ይሆናል። አይጣደፍም፤ ግን አይቆምም።

አጎት፦ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ። ይህ ሁሉ ስለ እኛ ምን ይናገራል? እኛ ጋ መጠይቅ ይዞ የመጣ ሰው እንግዳ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ገመና አይነገርም። «ቁጡ ነዎት?» ብሎ የጠየቀኝን ልጅ «አዎ» እለዋለሁ?

ተማሪዋ፦ አይሉትም፤ መጠይቁም ይህን አያውቅም። ገርቨንና ባልደረቦቹ በቦሊቪያ ጫካ እያረሱና እያደኑ የሚኖሩትን የቺማኔ ሕዝቦች፣ 632 ሰዎችን፣ በራሳቸው ቋንቋ ጠይቀው በ2013 ባሳተሙት ጥናት አምስቱን አላገኟቸውም። የወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ለሰው መትረፍና ታታሪነት። ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ትንሽ መንደር ሌላው ነገር ተነጥሎ ለመውጣት ቦታ አላገኘ ይሆናል። አምስቱ በየትም አሉ ብሎ የሚያስተምር መምህር ይህን ሳያነሳ ማለፍ የለበትም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለእኛ የበለጠ ቅርብ ነው። በ2005 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ቴራቺያኖ፣ ማክሬና ባልደረቦቻቸው ያወጡት ነው። በ49 ባሕሎች ሰዎችን «የአገራችሁ ሰው በአብዛኛው ምን ዓይነት ጠባይ አለው?» ብለው ጠየቁ። ኢትዮጵያም አለችበት። መልሱን በዚያው አገር ግለሰቦች አንድ በአንድ ተለክተው ከተገኘው አማካይ ጋር አስተያዩት። አልተገናኘም። የአንድ አገር ሰዎች ስለራሳቸው ሥዕል ይስማማሉ፤ ሥዕሉ ግን ሰዎቹን አይመስልም።

አጎት፦ እኛ በአገር መቼ እናቆማለን! የዚህ አውራጃ ሰው ተንኮለኛ፣ የዚያኛው ቁጡ፣ የወዲያኛው ቋጣሪ። እናቶቻችን ልጅ ሲድሩ በዚህ መርምረዋል። አሁን ደግሞ ሰው በዚህ ይገደላል።

ተማሪዋ፦ ጥናቱ ስለ አገሮች እንጂ ስለ ብሔረሰቦች አልጠየቀም፤ ከተናገረው በላይ አላስብለውም። ነገር ግን ይህን ያነበበ ተማሪ «እነዚያ ሰዎች እኮ እንዲህ ናቸው» ሲባል «ማን ለካቸው? እንዴት ለካቸው?» ብሎ ሳይጠይቅ ማለፍ የለበትም። ከልቤ ነው የምለው ጋሼ፤ በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ልጆች በአንድ ዶርም በሚያድሩበት ቦታ፣ ለዚህች አንዲት ክፍለ ጊዜ ሲባል እንኳ ኮርሱ መሰጠት አለበት።

አጎት፦ በዚህ ተስማማን። ግን ያ ኦልፖርት ያነሳው ጥያቄ ምን ሆነ? ስለ አንድ ሰው ምን ማለት ይቻላል ያለው። አማካይ፣ ኮሪሌሽን፣ ከመቶ እያልሽ ጄኒን ረሳሻት።

ተማሪዋ፦ አልረሳኋትም። ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ዳን ማክአዳምስ የሚባል ተመራማሪ አለ። በ1995 ሰውን ስናውቅ የምናውቀው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሦስት ደረጃ ነው አለ። የመጀመሪያው ባሕርያቱ ናቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው እንኳ በግማሽ ሰዓት ይህን ያህሉን ይገምታል። ሁለተኛው የሚፈልገውና የሚፈራው፣ የሚያስበውና የሚተጋለት ነገር ነው። ሦስተኛው ስለ ሕይወቱ ለራሱ የሚነግረው ታሪክ ነው፤ ከየት መጣሁ፣ ምን አገኘኝ፣ ወዴት እሄዳለሁ የሚለው። ይህ ታሪክ በመጠይቅ አይገኝም። ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። እሱም ለዚህ የሚሆን የቃለ መጠይቅ መመሪያ አዘጋጅቷል።

አጎት፦ ምን ይጠይቃል?

ተማሪዋ፦ መጀመሪያ ሕይወትዎን እንደ መጽሐፍ በምዕራፍ ይከፍሉታል። ከዚያ ከፍ ያሉበትን ጊዜ፣ ዝቅ ያሉበትን፣ ነገር የተለወጠበትን፣ የልጅነት ትዝታዎን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ምን ሆነ፣ እነማን ነበሩ፣ ምን ተሰማዎት እያለ። ለልጅዎ መምህር ብሆን አሳይመንቱ ይህ ነው፤ አንድ በዕድሜ የገፋ ሰው ጠይቀህ፣ ቃል በቃል ገልብጠህ፣ የትኛው ንድፈ ሐሳብ የትኛውን እንዳስረዳና የትኛውን እንዳላስረዳ ጻፍ። መምህሩ ባያዘውም እኔ ልለምነው ነው። እርስዎን ይጠይቅ።

አጎት፦ እኔን? አባቱን?

ተማሪዋ፦ እርስዎን። ለሠላሳ ዓመት ጠያቂ እርስዎ ነበሩ።

አጎት፦ ዝቅ ስላልኩበት ጊዜ ከጠየቀኝ አልነግረውም። አንዳንድ ነገር ከእናቱ ጋር ተቀብሯል።

ተማሪዋ፦ አለመንገር መብትዎ ነው፤ ገና ሳይጀምር ይህን ሊነግርዎትም ግዴታ አለበት። የቱን ዘልለው እንዳለፉ ግን ማስተዋሉ አይቀርም።

አጎት፦ ያስተውል። ምዕራፉ ስንት ነው የሚሆነው?

ተማሪዋ፦ ከሁለት ወይም ከሦስት ያላነሰ፣ ቢበዛ ሰባት ገደማ ይላል።

አጎት፦ ሰባት አይበቃኝም። የመጀመሪያ ምደባዬ ብቻ ሁለት ይወጣዋል፤ መብራት በሌለበት ወረዳ ማይክሮስኮፕ ሳላሳይ ስለ ሴል ያስተማርኩበት ነው። ቅዳሜ ከቀትር በፊት ይምጣ በይው። ስልኩንም ቻርጅ አድርጎ ይምጣ፤ ከጀመርኩ አላቋርጥም።